ለሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ሲያመለክቱ በተገመተ ውጤት መጨነቅ

በእንግሊዝ በ11ኛ ዓመት (ይር 11) የሚማር ልጅ ካለዎት፣ ከመጸው ወራት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ ቤት ውስጥ የሚታይ ጭንቀት ሊያጋጥምዎ ይችላል። ልጁ 15 ወይም 16 ዓመቱ ነው። ለሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ማመልከቻ ይሞላል፤ ኮሌጁ ደግሞ ገና ያልተቀመጠበትን ፈተና ውጤት ይጠይቀዋል። ይህ ውጤት የተገመተ ውጤት ወይም በተለመደው አጠራር ፕሪዲክትድ ግሬድ ይባላል። ግምቱን የሚሰጡት መምህራኑ ናቸው። ዋናው የጂሲኤስኢ ፈተና የሚሰጠው በሜይና በጁን ነው፤ ውጤቱ የሚታወቀው በኦገስት ነው። ስለዚህ ተማሪው ለብዙ ወራት በማያውቀው ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ይህ ጽሑፍ ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ ከልክ እንደሚያልፍ እና ምን እርዳታ እንዳለ ያስረዳል። የሚመለከተው የእንግሊዝን አሠራር ነው። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ አሠራሩ ይለያል።

ግምቱ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ

እኛ በአገር ቤት ማትሪክ ስንፈተን ግምት የሚባል ነገር አልነበረም። ተፈተንን፣ ጠበቅን፣ ውጤት ተለጠፈ፤ ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚላክ ወረቀት ላይ «ሒሳብ 4» የሚል ቁጥር ስናይ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ብዙ ቤት ውስጥ ጠቡም ለቅሶውም የሚጀመረው ከዚህ ነው። ግን አላለቀም። ቁጥሩ የሚነግረን፣ መምህሩ እስከ ዛሬ ካየው ሥራ ተነሥቶ ልጁ በፈተናው ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያለውን አስተያየት ነው። መሠረቱ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ እና ሞክ የሚባለው የልምምድ ፈተና ነው። ሞኩ ብዙ ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ስለሚሰጥ ገና ያልተማሩት ምዕራፍ እንኳ ሊኖር ይችላል።

ወላጆችን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። በትምህርት ቤቱ ሪፖርት ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ትርጉማቸው አንድ አይደለም። አንዱ ዓምድ ልጁ አሁን ያለበትን ደረጃ ያሳያል። ሌላው ታርጌት ይባላል፤ ልጁ ሊደርስበት ይገባል ተብሎ የተቀመጠ ግብ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ6ኛ ዓመት መጨረሻ ከሚወሰደው የሳትስ ፈተና ውጤት ተነሥቶ የሚወጣ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ግምቱ ነው። ልጅዎ ወደ እንግሊዝ የመጣው ከ6ኛ ዓመት በኋላ ከሆነ ሳትስ አልተፈተነም፤ ስለዚህ ታርጌቱ የወጣው በሌላ መንገድ ነው። ምናልባትም እንግሊዝኛው ገና ባልዳበረበት ጊዜ ከተሰጠው ፈተና ሊሆን ይችላል። «ይህ ቁጥር የትኛው ነው? ከምን ተነሥቶ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ኮሌጁ የሚጠይቀው ግምቱን እንጂ ታርጌቱን እንዳልሆነም አይርሱ።

ጂሲኤስኢ የሚታረመው ከ9 እስከ 1 ባለው መለኪያ ሲሆን ከፍተኛው 9 ነው። 4 መደበኛ ማለፊያ፣ 5 ደግሞ ጠንካራ ማለፊያ ይባላል። ለኤ ሌቭል የሚቀበሉ ሲክስዝ ፎርሞች በአብዛኛው ቢያንስ በ5 የትምህርት ዓይነቶች 4 ወይም 5 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ሒሳብ ወይም ሳይንስ ለመማር በዚያው ትምህርት 6 ወይም 7 የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ኮሌጁ ግምቱን አይቶ የሚሰጠው ቦታ ብዙውን ጊዜ ኮንዲሽናል ኦፈር ነው፤ «ይህን ያህል ካመጣህ እንቀበልሃለን» ማለት ነው። ምዝገባው የሚካሄደው በኦገስት በሚወጣው እውነተኛ ውጤት ነው።

ይህ ማለት ግን ግምቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዝቅ ያለ ግምት ልጁ የፈለገውን ትምህርት እንዳያገኝ ወይም ወደ ሌላ ኮርስ እንዲመራ ሊያደርግ ይችላል። ልጅዎ «ወሳኝ ነው» ሲልዎ ፈጠራ አይደለም። «ምንም አይደለም፣ ተወው» የሚለው መልስ የማያጽናናውም ለዚህ ነው፤ ልጁ ምን እንደሆነ ያውቃልና።

የ2020 እና የ2021 ነገር ለየት ይላል። በኮሮና ምክንያት ፈተናው ስለተሰረዘ በእነዚያ ዓመታት የመምህራን ምዘና ራሱ ውጤት ሆኖ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚያ ጊዜ ያለፉ ከሆነ የእነሱን ታሪክ ለዛሬው ልጅ መመዘኛ አያድርጉት።

ጭንቀቱ በሰውነት ላይ እንዴት ይታያል?

አደጋ የመጣ ሲመስለው አንጎል አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዲመነጩ ያዛል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሆድ ይታወካል። ከውሻ ለማምለጥ ይህ ይጠቅማል። ለስድስት ወር ውጤት ለመጠበቅ ግን አይጠቅምም፤ የሚሮጡበት የለምና።

ልጆች «ተጨንቄአለሁ» ብለው የሚናገሩት ጥቂት ጊዜ ነው። የሚሉት «ሆዴን አመመኝ»፣ «ራሴን አመመኝ»፣ «ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም» ነው። ሌሊት መተኛት ያቅታቸዋል፤ በጥቃቅን ነገር ይቆጣሉ፤ ምግብ ይተዋሉ ወይም ያለ ልክ ይበላሉ። አንዳንዱ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጽሐፍ ላይ ይተክላል። ሌላው ደግሞ ጨርሶ መጽሐፍ አይከፍትም፤ ቤተሰብ ይህን ስንፍና ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ስንፍና አይደለም። መጽሐፉን ሲከፍት ፍርሃቱ ስለሚመጣበት ይሸሸዋል፤ ሲሸሸው ለጊዜው ይቀለዋል፤ በማግስቱ ግን ያልተሠራው ሥራ ተከምሮ ፍርሃቱ ይብሳል።

ሌላው ምልክት ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። «እማዬ፣ አልፋለሁ?» ይላል፤ «ታልፋለህ የኔ ልጅ» ይሉታል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይጠይቃል። ማጽናኛው ወዲያው ስለሚተን ነው።

ቤት ውስጥ የሚባለውና የሚሰማው

የ15 ዓመት ልጅ አለች እንበል። በሳይንስ 5 ተገምቶላታል፤ የምትፈልገው ኮሌጅ 6 ይጠይቃል። ማታ ራት ላይ ለአባቷ ነገረችው። አባት ሁለት ሥራ ሠርቶ ደክሞት የገባ ነው። «እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው የተማርነው፤ አንቺ ምን ጎደለሽ?» አላት። ልቡ ክፉ አይደለም፤ ሊያበረታታት ነው። እሷ የሰማችው ግን «ስደቴን ከንቱ አደረግሽው» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ላትነግረው ትችላለች። ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ዝምታ ነው።

የእገሌን ልጅ ምሳሌ መጥቀስም እንዲሁ ነው። በሰንበቴ ወይም በማኅበር ላይ «የእነ እገሌ ልጅ ሁሉንም 9 ተገምቶለታል» የሚባለውን ልጁ ይሰማል። የእርስዎን ልጅ ውጤት በእንዲህ ያለ ቦታ ከመናገርዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁት።

የሚሻለው አነጋገር አጭር ነው። መጀመሪያ ያዳምጡ፤ «ምኑ ነው ይበልጥ የሚያስፈራህ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ያልጠበቁት ሊሆን ይችላል፦ ከጓደኞቹ መለየት፣ እርስዎን ማሳፈር፣ ወይም አንድ የማይወደው መምህር። ከዚያ በኋላ «ውጤቱ ምንም ቢሆን የምንሄድበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን» ይበሉት። ለተደጋገመው «አልፋለሁ?» ደግሞ፣ በተራ ቁጥር ማጽናናቱን ትተው «ስትጨነቅ አይሃለሁ። ዛሬ የምትሠራው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይመልሱለት።

ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር

ግምቱ ልክ አይደለም ብለው ካመኑ መምህሩን ያነጋግሩ። እንደ እውነተኛው ውጤት መደበኛ የይግባኝ ሥርዓት የለውም፤ ግን ማስረጃ ካለ መምህሩ ሊያሻሽለው ይችላል። «ይህ ግምት ከምን ተነሣ? ወደ 6 ለማድረስ ምን መታየት አለበት? እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ «ለምን ዝቅ አደረጋችሁበት?» ከማለት የበለጠ ፍሬ አለው። እንግሊዝኛዎ የማይበቃ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲገኝ ቀደም ብለው ይጠይቁ። ልጁን ራሱን ስለ ራሱ ግምት አስተርጓሚ አያድርጉት።

ከአንድ በላይ ለሆኑ ኮሌጆች ማመልከት ይቻላል፤ ብናደርገው ጥሩ ነው። አንዱ የሚመኘው፣ ሌላው አሁን ባለው ግምት በቀላሉ የሚገባበት ይሁን። ቢቴክ እና ቲ ሌቭል የሚባሉ የሙያ ትምህርቶችም አሉ፤ በእኛ ማኅበረሰብ «የወደቀ ልጅ» መሄጃ ተደርገው መታየታቸው ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ ወይም በሒሳብ 4 ያላገኘ ልጅም በሩ አይዘጋበትም፤ በኮሌጅ ሆኖ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ፈተናውንም በኖቬምበር ወይም በሚቀጥለው ሜይና ጁን ይደግማል። ስለ ምርጫዎቹ በነፃ ምክር የሚሰጠው የመንግሥቱ የሥራ ምክር አገልግሎት (ናሽናል ካሪርስ ሰርቪስ) ስልክ 0800 100 900 ነው።

ጭንቀቱ ከባድ ከሆነ የልዩ ፍላጎት ኃላፊውን (ሴንኮ) ያነጋግሩ። በፈተና ጊዜ የዕረፍት ደቂቃ ወይም ሰው ያልበዛበት ክፍል ሊፈቀድ ይችላል። ይህ ማስረጃና ዝግጅት ስለሚፈልግ እስከ ሜይ አይጠብቁ።

ለተማሪዎች

ጭንቀቱን አጥፉት ማለት አይቻልም፤ ቦታ ስጡት። በቀን 15 ደቂቃ የጭንቀት ሰዓት መድቡ፤ ከመኝታ በፊት ግን አይሁን። በዚያ ሰዓት የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን እዩ፦ አሁን ላደርግለት የምችለው ነገር አለ? ካለ፣ መቼ እንደምትሠሩት ጻፉ። ከሌለ፣ ለምሳሌ «ኮሌጁ መቼ መልስ ይሰጠኛል» ከሆነ፣ ለጊዜው ተዉት። በሌላ ሰዓት ሲመጣባችሁ «በሰዓቱ አስብበታለሁ» በሉት። መጀመሪያ ላይ የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ብዙ ሰው ይጠቅመዋል።

ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥር እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፋችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ፤ በአፍ እስከ 5 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ሳታቋርጡ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ።

በእናንተ ዕድሜ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡናና ኢነርጂ ድሪንክ ተዉ፤ ቡና በየቤቱ በሚፈላበት ማኅበረሰባችን ይህ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ጾም የምትጾሙ ከሆነ የምትበሉበትን ሰዓት ከጥናታችሁ ጋር አስተካክሉ፤ ሕመም ካለባችሁ ወይም ካዞራችሁ ከወላጆቻችሁ፣ ከሐኪምና ከመንፈሳዊ አባት ጋር ተነጋገሩ።

መቼ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል?

ጭንቀቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ቀን ከቀጠለ፣ ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸ፣ ከጓደኞቹ ከተለየ፣ ወይም ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት እየደጋገመ ከያዘው ጂፒ ያነጋግሩ። ተደጋጋሚ የሆድና የራስ ሕመም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል «ጭንቀት ነው» ብለው ብቻ አይለፉት። ኤንኤችኤስ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ እንደሚያስፈልግዎ ይናገሩ።

ልጁ ሐኪሙን ብቻውን ማነጋገር ይችላል። የተናገረው በምስጢር ይያዛል፤ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ካልታሰበ በስተቀር ለወላጅ አይነገርም። ይህ ቅር ሊያሰኝዎ አይገባም፤ ልጁ እውነቱን እንዲናገር ያደርገዋል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በንግግር ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና አስተሳሰብንና ድርጊትን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል ያስተምራል። ለሌላ ሰው የታዘዘ የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ክኒን ለልጅ መስጠት አደገኛ ነው።

ለጭንቀት ሐኪም ማየት ልጁን «እብድ» አያሰኘውም። ጸሎትና ጸበል ለቤተሰቡ ብርታት ከሆነ ከሕክምናው ጎን ሊቀጥል ይችላል፤ ሕክምናውን ማቋረጥ ግን አያስፈልግም።

አስቸኳይ እርዳታ

ልጁ «መኖር አልፈልግም»፣ «ብሞት ይሻላል» ካለ፣ ራሱን ከቆረጠ ወይም ለመጉዳት ካሰበ በቁም ነገር ይያዙት። በቀጥታ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲናገር መንገድ ይከፍትለታል። ብቻውን አይተዉት፤ ክኒንና ስለታም ነገር ከአጠገቡ ያርቁ።

ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ክኒን ከዋጠ ወዲያው 999 ይደውሉ ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ ከፈለጉ 111 ደውለው የአእምሮ ጤናን ምርጫ ይጫኑ፤ ሌሊትም ይሠራል። ልጆችና ወጣቶች ራሳቸው በነፃ የሚደውሉበት ቻይልድላይን 0800 1111 ነው፤ ሳማሪታንስ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት በ116 123 ይገኛል።