ልብ ሲደልቅ፣ ማደንዘዣ ሲታሰብ

ነገ ጠዋት ቶንሲሉን በቀዶ ሕክምና ሊያስወጣ ቀጠሮ የያዘ አንድ ተማሪ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ሌሊቱ ተጋምሷል፤ እንቅልፍ ግን በዓይኑ አልዞረም። ልቡ ድው ድው ይላል፤ አልፎ አልፎም አንድ ምት የዘለለ መስሎ ይሰማዋል። «ይህ ልብ ማደንዘዣውን ይችለው ይሆን? ብናገር ቀጠሮዬ ይሰረዛል፤ ዝም ብልስ?» እያለ ይጨነቃል።

ለመሆኑ ልብ ለምን ይደልቃል? የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ፍርሃት ሲያድርብን ከኩላሊቶቻችን በላይ የሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብም ፈጥኖና በርትቶ ይመታል። «የዘለለ» የሚመስለው ምት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመጣ ምት ነው። ከእርሱ በኋላ አጭር ፋታ ይከተላል፤ በፋታው ልብ በደም ይበልጥ ስለሚሞላ ቀጣዩ ምት ጎልቶ ይሰማል። ይህ በጤነኞችም ላይ ይታያል። ይሁን እንጂ የልብ መደለቅ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛት ወይም የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። በተለይ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር አብሮት ካለ፣ ወይም ከቤተሰብ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ጉዳዩ ለነገ አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ1846 ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ የኤተርን አደንዛዥነት በይፋ ባሳየ ጊዜ፣ የታማሚው ደኅንነት ጠባቂ የሐኪሙ ዓይንና እጅ ብቻ ነበር። ዛሬ የኢሲጂ መሣሪያ እያንዳንዱን የልብ ምት በስክሪን ላይ ያሳያል፤ በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያም የደምን ኦክሲጅን ይከታተላል። የማደንዘዣ ባለሙያውም ከታማሚው ራስጌ ሳይለይ ይቆያል።

መድኃኒቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ኬታሚን የልብን ምት ያፈጥናል፤ ሌሎች ደግሞ ያዘገያሉ። ባለሙያው ለታማሚው የሚስማማውን የሚመርጠው በተነገረው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚህ አንጻር አደጋው ያለው ከመናገሩ ይልቅ ከመደበቁ ላይ ነው። የሚገርመው፣ ጥርስ ሲነቀል ድድ የሚያደነዝዘው ሊዶኬይን ራሱ አንዳንድ አደገኛ የልብ ምት መዛባቶችን ለማከም ያገለግላል። በጥርስ መርፌ ጊዜ ልብ ለጥቂት ደቂቃ ቢደልቅ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሊዶኬይኑ ጋር የተቀላቀለው አድሬናሊን ነው።

እንግዲህ ቀጠሮ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ድለቃው መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጽፎ ይቅረብ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ ድለቃውን ሊያባብስ ይችላልና። ጫት የሚቅም ከሆነም ሳያፍር ይናገር፤ ጫት የልብን ምት ያፈጥናል። ከምግብና ከመጠጥ ስለ መከልከል የተነገረውን ሰዓት ይጠብቅ። ፍርሃቱ ሲበረታም በአፍንጫው በዝግታ ወደ ውስጥ ተንፍሶ፣ ከዚያ ይበልጥ በዝግታ ያውጣ፤ ረዥም አተነፋፈስ ልብን የሚያረጋጋውን ቬገስ የተባለ ነርቭ ያነቃቃል።

ተማሪያችን ሲነጋ ሁሉንም ተናገረ እንበል። ምናልባት በኢሲጂ ታይቶ በዚያው ዕለት ይታከማል፤ ምናልባትም ለተጨማሪ ምርመራ ቀጠሮው ይራዘማል። ቢራዘም እንኳ የሚያጣው ጥቂት ቀናትን ነው፤ የሚያገኘው ግን ልቡን አውቆ የሚጠብቅለት ባለሙያ ነው።