ያቺን ቀዳዳ በመርፌ አትጫኑ

የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። «ኢንተርኔት እምቢ ሲለኝ ራውተሩን ሪሴት አደረግኩት፤ አሁን ጭራሽ ጠፋ» የሚል መልእክት ደጋግሞ ይደርሰኛል። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ በመርፌ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ሌላ ነው። ሪሴት ከዋይፋዩ ስም አልፎ ብዙውን ጊዜ አገልግሎት ሰጪው ያስገባላችሁን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ጭምር ይሰርዛል። እባካችሁ ተዉት።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ እዩ።

1. በ169.254 ከጀመረ፣ ከራውተሩ አድራሻ ስላጣ ለራሱ የሰጠው ነው። ችግሩ እቤት ውስጥ ነው። ኬብሉን ፈትሹ፤ ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት።

2. በ192.168 ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ ጋር ተግባብቷል። ስልካችሁም በዚያው ዋይፋይ ካልሠራ መስመሩን ተጠራጠሩና ለአገልግሎት ሰጪው ደውሉ።

ሌላው ጥያቄ፦ ሁለተኛውን ሞኒተር ከነቀላችሁ በኋላ ፕሮግራሙ ተከፍቶ መስኮቱ አለመታየቱ። አልተበላሸም፤ በሌለው ስክሪን ላይ ተቀምጦ ነው። በዊንዶውስ ላይ በኦልትና ታብ ምረጡት፤ ኦልትና ስፔስ፣ ቀጥሎ ኤም፣ ከዚያ አንድ የቀስት ቁልፍ ተጫኑ። ማውሱን ስታንቀሳቅሱ መስኮቱ ተከትሎ ይመጣል።

የኢንተርኔቱ ችግር ካልተፈታላችሁ የራውተሩን መብራቶች ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ፓስወርዱ ያለበትን ተለጣፊ ግን ሸፍኑት።