ነጭ ዓሣ ለእንቁላሉ የሚመርጠው ስፍራ

ከጣና ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ ኑሯቸው በሐይቁ፥ መራቢያቸው ግን በወንዝ ነው። ክረምቱ ሲከብድ ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ሽቅብ ይወጡና ንጹሕ ውሃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውሃ ለእንቁላሉ አየር ያደርስለታል፤ ጭቃ ከሸፈነው ግን ታፍኖ ይሞታል። ከዓይነቶቹ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ ስለማይገኙ፥ ወንዞቹ ቢበላሹ ምትክ የላቸውም።

ታዲያ ከወንዙ የትኛው ክፍል እንደሚስማማቸው በምን ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት ያስፋፋው አንድ የሒሳብ ዘዴ አለ። የውሃው ጥልቀት፥ ፍጥነቱና የወለሉ ዓይነት ይለካሉ፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 1 ማርክ ይሰጠዋል። 0 ፈጽሞ የማይኾን፥ 1 እጅግ የተስማማ ማለት ነው። ከማስላያ መንገዶቹ ቀላሉ ሦስቱን ማባዛት ነው። ጥልቀቱ 0.8፥ ፍጥነቱ 0.9፥ ወለሉ 1 ቢያገኙ ውጤቱ 0.72 ይኾናል። ነገር ግን ጠጠሩ ተዝቆ ጭቃ ብቻ ቢቀርና ወለሉ 0 ቢያገኝ፥ የሁለቱ መልካምነት ምንም አይረዳም፤ ውጤቱ 0 ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከጣና ገባር ወንዞች ለሕንፃ ሥራ አሸዋና ጠጠር ይወሰዳል፤ ውሃው ለመስኖ ይጠለፋል፤ በመራቢያው ወራትም በወንዞቹ አፍ መረብ ይዘረጋል። ሒሳቡ በራሱ መረቡን አያነሣም። ኾኖም ጠጠር ከየት ቢዛቅ ጉዳቱ እንደሚያንስ፥ የትኛውስ ስፍራ ሳይነካ መቅረት እንዳለበት ለወሳኙ ሹም በቁጥር ያሳያል።

አንባቢ ሆይ፥ የጠጠር ማውጫ ፈቃድ አንድ ቀን ከጠረጴዛህ ቢደርስ፥ ከመፈረምህ በፊት የወንዙ ወለል ስንት ማርክ እንዳገኘ ጠይቅ።