ቡገንቪላ ወይስ ጥድ? አጥር ላይ ከመትከላችሁ በፊት ይህን እወቁ

ሰኔ ሲገባ መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ ሻጮች ገበያቸው ይደራል። ግቢ ያለው ሰው የሚያነሳት ጥያቄ ደግሞ አንድ ናት፦ «አጥሩን በምን ልሸፍነው?» ብዙ ጊዜ ምርጫው ከሁለት አያልፍም። ወይ ቡገንቪላ፣ ወይ ጥድ።

ሁለቱም ከጎረቤት ፎቅ ዓይን ይከልላሉ፣ ሁለቱም ግቢ ያሳምራሉ። ባህሪያቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። አንዱ ስትሳሳቱ ይቅር ይላችኋል፣ ሌላው አይምርም። በዝርዝር እንየው።

🌸 ቡገንቪላ

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ዓለምን በመርከብ ሲዞር፣ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮሜርሶን ተክሉን ብራዚል ውስጥ፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ አገኘው። ስሙም ከጉዞው መሪ ተወሰደ። የኮሜርሶን ረዳት ደግሞ ወንድ መስላ መርከብ የተሳፈረችው ዣን ባሬ ነበረች። ዛሬ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ነው የምትታወቀው።

ሌላ የሚገርም ነገር፦ ያ ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ብርቱካናማ «አበባ» አበባ አይደለም። ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ የምታዩት ትንሽዬ ነጭ ነገር ነው።

ሐረግ ነው ብንልም እንጨት ላይ የሚጠመጠምበት ጅማት የለውም። በእሾሁ ያገኘውን እየያዘ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ግድግዳ ስር ብትተክሉት መሬት ላይ ይከመራል። ሽቦ ወጥሮ፣ ቅርንጫፉን እያሰሩ መምራት ያስፈልጋል። ጥቅሙ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሥር ስለማይሰድ ልስኑን አይልጥም።

🌲 ጥድ

«ጥድ» ስንል የምንቀላቅላቸው ሁለት የተለያዩ ዛፎች አሉ፤ ሻጩ ሁለቱንም «ጥድ» ሊላችሁ ይችላል።

👉 የሀበሻ ጥድ፦ የራሳችን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች እና ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ተራሮች ላይ ይበቅላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምታዩት ሽማግሌ ዛፍ፣ የመናገሻ ሱባ ጫካም ዋና ዛፍ እሱ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ጥሩ ቦታ ካገኘ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚ ይፈለጋል፤ ውጭ አገር ደግሞ እርሳስ ይሠራበት ነበር።

👉 የፈረንጅ ጥድ፦ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። በከተማ ግቢዎች እንደ ግድግዳ ተከርክሞ የምታዩት አጥር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ፈጣን ነው፤ በጥሩ ቦታ በዓመት ወደ 1 ሜትር ያድጋል።

እንዴት ይለያሉ? ፍሬያቸውን እዩ። የሀበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ ነው። የፈረንጁ ግን እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ክብ ኳስ ነው። የሀበሻ ጥድ ወንድና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ ፍሬ የሌለው ብታገኙ አትደነቁ።

አሁን ወደ ፉክክሩ እንግባ።

1️⃣ ፀሐይና ብርድ

ቡገንቪላ ፀሐይ ወዳድ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ያወጣል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ላይም ይሆናል፤ ፀሐይ የሚመታው፣ ከነፋስ የተከለለ ግድግዳ ምረጡለት። ደብረ ብርሃን ዓይነት ቦታ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጠብሰዋል። የሀበሻ ጥድ በተቃራኒው የደጋ ልጅ ነው። ብርዱ አይገደውም፤ ቆላ ላይ ነው የሚቸገረው።

2️⃣ ውሃ

ለሁለቱም የመጀመሪያው ዓመት ወሳኝ ነው፤ በበጋ ማጠጣት ግድ ነው። ሥር ከሰደዱ በኋላ ሁለቱም ድርቅ ይችላሉ። ቡገንቪላ ላይ እንዳትሸወዱ ግን፦ ውሃና ማዳበሪያ ባበዛችሁ ቁጥር ቅጠሉ ይበዛል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ትንሽ ሲጠማ ነው ደምቆ የሚወጣው። ውሃ የሚያቁር ቦታ ደግሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

3️⃣ መቁረጥ (ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው)

ቡገንቪላ ክፉኛ ብትቆርጡት እንኳ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እንዲያውም ቀለሙ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ዙር አብቦ ሲጨርስ መከርከም ይጠቅመዋል።

የጥድ አጥር ግን ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨት ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም። «በጣም ወፍሯል፣ ጠበቅ አድርገህ ቁረጠው» ተብሎ እስከ ውስጡ የተቆረጠ ጥድ፣ ያ ጎኑ ለዘለዓለም ራቁቱን ይቀራል። 10 ዓመት ያደገ አጥር በአንድ ከሰዓት መቀስ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ በዓመት ሁለቴ፣ አረንጓዴው ላይ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይከረከማል። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርጉት፤ አለበለዚያ የታችኛው ክፍል ፀሐይ አጥቶ ይደርቃል።

ለገናም ቢሆን የለጋ ጥድ ጫፍ ቆርጦ ቤት ማስገባት ቀርቶ፣ በማሰሮ የተተከለ ጥድ ማስጌጥ ይሻላል። በዓሉ ሲያልፍ ወደ ፀሐይ ታወጡታላችሁ።

4️⃣ ቦታ

ቡገንቪላ ግማሽ ሜትር አፈር ይበቃዋል። ኮንዶሚኒየም ላላችሁም መልካም ዜና አለን፦ ሥሩ ሲጠብበት የበለጠ ስለሚያብብ በማሰሮ በረንዳ ላይ ይሆናል።

ጥድ ግን ዛፍ ነው። ዛሬ በላስቲክ የገዛችሁት ችግኝ ነገ ከቤታችሁ ይረዝማል። እንደ ዛፍ እንዲያድግ የምትፈልጉ ከሆነ ከቤቱ፣ ከፍሳሽ መስመርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ለዚያ የሚሆን ስፋት ከሌላችሁ እየተከረከመ የሚያዝ አጥር ብቻ አድርጉት።

5️⃣ አደጋና ጣጣ

ቡገንቪላ እሾህ አለው። ልጆች የሚሯሯጡበት መተላለፊያ ላይ አይመከርም፤ ስትቆርጡትም ወፍራም ጓንት አድርጉ። የሚረግፈው ባለቀለም ቅጠል መጥረጊያ አያስቀምጥም።

የጥድ ጣጣ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የደረቀ ጥድ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ምድጃና ከሰል የሚቀጣጠልበት ጥግ አይደለም ቦታው። ሁለተኛ፣ የፈረንጅ ጥድን የሚያጠቃ ቅማል አለ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ማላዊ ላይ ታይቶ፣ በ1990 ኬንያ ገብቶ ብዙ ዛፍ አድርቋል። አጥራችሁ ከውስጥ በኩል ቡናማ መሆን ከጀመረ ቅርንጫፉን ገልጣችሁ እዩ፤ የግብርና ባለሙያም አማክሩ።

✅ ታዲያ የቱን እንትከል?

▪️ ተከራይ ከሆናችሁ ወይም በረንዳ ብቻ ካላችሁ፦ ቡገንቪላ በማሰሮ። ቤት ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል።
▪️ ፀሐያማ ግድግዳ ኖሯችሁ ቀለም ከፈለጋችሁ፦ ቡገንቪላ። 2 ወይም 3 ዓመት ታገሱት።
▪️ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ መከለያ ከፈለጋችሁ፣ በዓመት ሁለቴ የሚከረክም ሰውም ካለ፦ የፈረንጅ ጥድ።
▪️ ሰፊ ግቢ ያለው፣ ደጋ ላይ ያለ፣ ለልጅ ልጅ የሚያስብ ሰው፦ የሀበሻ ጥድ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን የአገር ዛፍ ነው።
▪️ ቆላ ከሆናችሁ፦ ጥዱን እርሱት።

አንድ ነገር ልንጨምር። ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ የሀበሻ ጥድ ቀድሞ ካለ፣ «ብርሃን ከለከለኝ» ብላችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ ቆም በሉ። ቡገንቪላ ብትቆርጡ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ታዩታላችሁ። ያን የሚያህል ጥድ ግን ዛሬ ብትተክሉ እናንተ ራሳችሁ ላታዩት ትችላላችሁ።

የእናንተ ግቢ ውስጥ ያለው የቱ ነው? ፎቶውን ላኩልን። አጥር ሊተክል ያሰበ ጓደኛ ካላችሁም ችግኙን ሳይገዛ አሁኑኑ ሼር አድርጉለት 🌱