ተረትና እውነታ፦ ባቡር በማያልፍበት መቱ ፉርጎ መገጣጠም

መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም። ታዲያ ከውጭ የመጣ ዘመድ ከሻንጣው የፕላስቲክ ፉርጎ መገጣጠሚያ (ተገጣጥሞ ትንሽ የባቡር ሞዴል የሚሆን ዕቃ) ያወጣ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ዐዋቂ ይሆናል። ከሚባለው ብዙው ግን ትክክል አይደለም።

ተረት፦ «ባቡር በሌለበት አገር የባቡር ሞዴል ምን ይሠራል?»

እውነታው፦ ሞዴል የሚሠራው በልኬት ነው፤ ባቡሩን በዓይን ማየት ግዴታ አይደለም። ደግሞም ይህ አካባቢ ከባቡር ሐሳብ እንደሚነገረው የራቀ አልነበረም። ንግዱ ወደ ሱዳን ያመራ ነበር፦ የጎረቤቷ የጎሬ ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ይወርድና የባሮ ወንዝ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ዳር ኢታንግ አጠገብ የንግድ ጣቢያ ከመፍቀዱ ሌላ፣ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽም ነበረው። ሐዲዱ አልተዘረጋም። ያልተዘረጋውን መስመር ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ግን፣ ለእኔ፣ ከዚህ ሥራ ደስታዎች ትልቁ ነው።

ተረት፦ «የትኛውም ፉርጎ በየትኛውም የሞዴል ሐዲድ ላይ ይሄዳል።»

እውነታው፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን መጠን ያንብቡ። ኤችኦ የሚባለው 1 ለ 87 ነው፤ ሐዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለ87 ሲካፈል ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። በ1909 ዓ.ም. ለገሐር የደረሰው የድሮው መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ እሱን ለመሥራት የሚፈልግ 12 ሚሊ ሜትሩን ጠባብ ሐዲድ ይፈልግ። እንግሊዞች ደግሞ አካሉን 1 ለ 76 አድርገው በዚያው በ16.5 ሐዲድ ላይ ያስኬዱታል። ሐዲዱ ለአካሉ ጠባብ ቢሆንም ለምደውታል።

ተረት፦ «ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ ነው፤ ሱፐር ግሉ ሁሉንም ይይዛል።»

እውነታው፦ የፉርጎ መገጣጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው፤ የሲዲ ማስቀመጫ የሚሠራበት ጠንካራና ተሰባሪ ፕላስቲክ ማለት ነው። የሞዴል ሙጫ ሁለቱን ጠርዞች አሟሙቶ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ሱፐር ግሉ ፕላስቲኩን አያዋህድም፤ በመካከል ደርቆ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ወድቆ ሲመታ ቶሎ ይላቀቃል። ቢሆንም በፖሊስታይሪን ላይ ይሠራል። የማይሠራው የጀሪካን ቁራጭ ላይ ነው። ጎደሎ ክፍል ከጀሪካን ቆርጦ ለመተካት የሚሞክር ሁሉ የሚበሳጨው ለዚህ ነው፤ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ተራ ሙጫ አይቀበልም። ጥፋቱ ሙጫውን የሸጠው ባለሱቅ አይደለም። ለመተኪያ ከሚቆርጡት ዕቃ ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ካለ ፖሊስታይሪን ነው፤ 2 ከሆነ ይተዉት።

ተረት፦ «በመቱ ክረምት ሙጫ አይደርቅም።»

እውነታው፦ ይህ ለእንጨት ሙጫ እውነት አለው፤ ሱፐር ግሉ ግን ተቃራኒ ነው። እሱን የሚያደርቀው የአየር እርጥበት ነው። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት በጎሬና በመቱ አካባቢ ቶሎ ይይዛል፤ ችግሩ በተጣበቀው ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ብናኝ ሊተው መቻሉ ነው። የተከፈተው ቱቦም እዚያው ይደርቃል፤ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ደረቅ ብልቃጥ ያኑሩት። ዝናብ በእርግጥ የሚያበላሸው የስፕሬይ ቀለም ነው፤ ሲነፋ ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ ጤዛ ይይዛል፣ ቀለሙም ወተት ይመስላል። በሐምሌ በብሩሽ ይቀቡ፣ ወይም ፀሐይ ብልጭ የምትልበትን ሰዓት ይጠብቁ። ካርቶንና ቀጭን እንጨት እዚህ እርጥበት ጠጥተው ይጣመማሉ፤ ፖሊስታይሪን ውኃ እምብዛም አይጠጣም። ለኢሉባቦር የተሻለው እሱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሞዴል ሙጫም የቀለም ቲነርም እንፋሎታቸው እሳት ይይዛል። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ አይክፈቷቸው። መስኮትም ይከፈት።

ተረት፦ «ፉርጎ ቀለል ባለ ቁጥር ደህና ይሄዳል።»

እውነታው፦ ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። የአሜሪካ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው 28 ግራም ሲደመር በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመቱ 14 ግራም ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፉርጎ ከ110 ግራም በላይ ይመዝን ማለት ነው። ፕላስቲኩ ብቻውን እዚያ አይደርስም። ጥቂት ሮንዴላ ወለሉ ላይ ዝቅ አድርገው ይለጥፉ፤ ጣሪያው ሥር ከተለጠፈ ያጋድለዋል።

ዘመድዎ ሲመጣ ሙጫ አምጣልኝ አይበሉት፤ እሳት የሚይዝ ሙጫ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም። በምትኩ የብረት ጎማ ያስመጡ፤ አንዳንድ መገጣጠሚያ ያለ ጎማ ይሸጣል፣ እሱን ደግሞ መቱ ገበያ አያገኙትም።