«ኤም አር አይ ልነሳ» ለሚሉ እናቶች

ዛሬ እኛ ሴቶች በሹክሹክታ ብቻ ስለምናወራው ነገር ልጻፍ። ወንዶችም አንብቡት፣ የሚስትና የእናት ጉዳይ ነው።

በቀደም የውኃ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መምህርት፣ ካረጥኩ ስንት ዓመቴ! አሁን ደም እያየሁ ነው። ጉትቻዬን ሸጬ ኤም አር አይ የሚሉትን ልነሳ ብዬ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው» አሉኝ። ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ ብላቸው አምስት ወር! ገንዘቡ እስኪሞላ እኮ ነው የሚጠብቁት።

ኤም አር አይ በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ፣ በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ሥዕል የሚያወጣ ማሽን ነው። እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ግን የመጀመሪያ ምርመራ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም የማኅፀንን በር አይቶ ናሙና ይወስዳል። ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው ኤም አር አይ እብጠቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ሽንት ፊኛ ማለፉን የሚያሳየው። ትንሽ ሆኖ እዚያው ካለ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ካለፈ ጨረርና መድኃኒት ይታዘዛል።

ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ለውጥ ማሽኑ አያየውም። ያንን የሚያየው ርካሹ ነው። ነርሷ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ የተለወጠው ቦታ ይነጣል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። (ቤት ውስጥ በኮምጣጤ እንዳትሞክሩ፣ አደራ!) በሀገራችን ይህ ምርመራ የሚሰጠው ምንም ሕመም ለሌላቸው፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ እህቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ካረጡ በኋላ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ያለ ወሩ ደም ያየች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያስቸገራት ግን በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

በሽታው እርግማን አይደለም። መነሻው ፓፒሎማ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ የማንንም ጠባይ አያሳይም። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራለች።

መዘግየት እዚህ ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነቱ የካርቱምን፣ ቀጥሎም የወድ መደኒን የጨረር ሕክምና ሲያቆም ሕመምተኛው ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ገዳሪፍ ደግሞ የጨረር ማሽን አልነበረም፤ የታዘዘለት ሰው በስተሰሜን እስከ መረዌ መሄድ ነበረበት።

ኤም አር አይ የታዘዘላችሁ እንደሆነ ጉትቻና የፀጉር ሽቦ አውልቁ። ሉፕ ካላችሁ፣ በተለይም በሰውነታችሁ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ ሳትገቡ ተናገሩ፤ ከየት እንደመጣን እናውቃለን መቼም። ድምፁ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ያህል ነው፣ አትደንግጡ።

እኒያ እናት በማግስቱ ክሊኒክ ሄደው ወደ ገዳሪፍ ሙስተሽፋ ወረቀት ተጽፎላቸዋል። ጉትቻው አልተሸጠም፤ የመኪናውን ከዕቁባችን ተበደሩ። ሐሙስ አብሬያቸው እሄዳለሁ።