«ሪሳይት» እና «ሪኸርስ»፦ በላፍቶ ገበያ የተነሣ ጥያቄ

አዲስ አበባ፦ በላፍቶ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ከፎገራ የመጣ ሽንኩርት በሚራገፍበት ማለዳ ስለ ዋጋው ለመዘገብ ተገኝቼ ነበር። ሽንኩርቱን ይዘው የመጡት አርሶ አደር የጠየቅኋቸውን ከመለሱልኝ በኋላ ተራው የእርሳቸው ሆነ። ልጃቸው ላፍቶ ከአክስቷ ዘንድ ሆና 8ኛ ክፍል ትማራለች። በእንግሊዝኛ የክፍል ፈተና አንድ ጥያቄ ስታለች፤ መምህሯ ቢያስረዷትም አልገባትም። አባት ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው፣ «ልጄ፣ አንተ ኮሌጅ ገብተሃል አሉ። እነዚህ ሁለቱ ምናቸው ይለያያል?» አሉኝ።

ጥያቄው፣ ተማሪዎች ለወላጆች በዓል የሚያቀርቡትን ድራማ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ምን ያደርጉት እንደነበር የሚገልጸውን ግስ ምረጡ ይላል። ልጅቱ «ሪሳይት»ን መርጣለች። መልሱ «ሪኸርስ» ነው። እኔም በግብርና ዲፕሎማዬ እዚያው ልመልስላቸው አልቻልሁም፤ ስልካቸውን ተቀብዬ ተለያየን።

ነገሩን ሳጠናው የተረዳሁት የልጅቱ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አለመሆኑን ነው። እኛ «ደገመ» በሚለው አንድ ግስ ብዙ ነገር እንገልጻለን። አባቶች ዳዊት ይደግማሉ፤ ተማሪ ትምህርቱን ይደግማል (ካልቀናው ክፍልም ይደግማል)፤ ገበሬ እርሻውን ይደግማል። እንግሊዝኛ ግን ዳዊት ለሚደግመው ሰው አንድ ግስ፣ ድራማውን እየደጋገመ ለሚለማመደው ሌላ ግስ አለው።

«ሪሳይት» ቃሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነገርን ድምፅ አውጥቶ ማሰማት ነው። ግጥም፣ ጸሎት፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ሊሆን ይችላል። ቃሉ አይለወጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ አለ፤ ብዙውን ጊዜም የሚባለው በቃል ነው። «ሪኸርስ» ግን ቀኑ ገና ላልደረሰ ነገር መሰናዳት ነው። ተመልካቹ አልመጣም። መሳሳት ይፈቀዳል፤ መሐል ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው መነሣትም ይቻላል። የንግግር ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ዝማሬ፣ ጭፈራ፣ የሰልፍ ትርኢት ሁሉ «ሪኸርስ» ይደረጋል።

ልዩነቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሚገኘው በሌሎች ቃላት ውስጥ ነው። የአብነት ተማሪ ሌሊት ትምህርቱን ይቀጽላል፤ ይሳሳታል፣ ጓደኛው ያርመዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ቅጸላው «ሪኸርስ»፣ ማሰማቱ «ሪሳይት» ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በመድረሳም ልጁ ለብቻው ደጋግሞ ያጠናውን ቁርዓን ኡስታዙ ፊት ይቀራል። እንግዲህ ሁለቱ ግሶች ተቃራኒዎች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ሊከተል ይችላል። ነገ «ሪሳይት» የሚደረገውን ግጥም ዛሬ «ሪኸርስ» ማድረግ ይቻላል።

ሁልጊዜ ግን አይከተልም። ለደመራ በዓል የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቀደም ብለው ዝማሬና ትርኢት ይለማመዳሉ። ይህ «ሪኸርስ» ነው። በዕለቱ መስቀል አደባባይ ላይ የሚያቀርቡት ግን ዝማሬ ስለሆነ «ሪሳይት» አይባልም።

ወደ ቃሉ ምንጭ ስንሄድ ጉዳዩ ከእኔ ሙያ ጋር ይገናኛል። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ «ሪኸርስ» ውስጥ «መስማት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ፊደሎች ስለሚታዩ ብዙዎች ከዚያ የተወለደ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ቃሉ የመጣው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ «ኤርስ» የሚባለው የእርሻ መሣሪያ ነው። ይህ በታረሰ መሬት ላይ እየተጎተተ ጓል የሚያደቅቅ ጥርሳም መከስከሻ ነው። «ሪኸርስ» በጥሬ ትርጉሙ መሬቱን ዳግም መከስከስ ማለት ነበር። (የእንግሊዝኛው የአስከሬን መኪና ስምም ከዚሁ መሣሪያ የተገኘ ነው፤ በሬሳ ሣጥን ላይ የሚቆመው የሻማ መደርደሪያ መከስከሻ ይመስል ነበርና።) ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ የያዘው ትርጉም «መናገር፣ የተባለውን ደግሞ ማውራት» የሚል ነው። ለቴአትር ልምምድ ማገልገል የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአርሶ አደሩ ልጅ ከዚያ ቀደም ብትፈተን ኖሮ መልሷ ያን ያህል ባልራቀ።

የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ተገምሶ ሳይደገም ዘር የሚበትንበት ገበሬ ብዙም አይገኝም። እኔ ግን ኮሌጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነገር አድርጌአለሁ። በመስመር ለሚዘራ ጤፍ በመስመሮች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይተዋል የሚለውን ከነምክንያቱ ሳልደናቀፍ እል ነበር። ማሳ ላይ ገመድ ተሰጥቶኝ መስመር አውጣ ስባል የመጀመሪያዬና የሦስተኛዬ መስመር ሊገናኙ ጥቂት ቀራቸው። «ሪሳይት» አድርጌአለሁ፤ «ሪኸርስ» አላደረግሁም። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሠርቶ ማሳያ ማሳ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ እንደ እኔ እምነት ሥልጠና ወስደዋል ከሚለው ቁጥር ይልቅ የዚያ ማሳ ሁኔታ ብዙ ይናገራል።

ለፈተና ለሚዘጋጁ አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለቱ ሌላ «ፕራክቲስ» የሚባል ሦስተኛ ግስ አለ። እርሱ የተቆረጠ ቀን አይፈልግም፤ የእጅ ጽሕፈት፣ ኳስ፣ ቋንቋ «ፕራክቲስ» ይደረጋል። እንግሊዝኛ ቋንቋን «ሪኸርስ» አደርጋለሁ ማለት አያስኬድም፤ በእንግሊዝኛ የማቀርበውን ንግግር ግን ያስኬዳል። በጥያቄው ውስጥ ወደፊት የሚቀርብ ዝግጅት ካለ «ሪኸርስ»ን፣ ያልተለወጠ ቃልና ሰሚ ካሉ «ሪሳይት»ን መጠርጠር ነው።

ይህን ሁሉ ለአርሶ አደሩ በስልክ ነገርኋቸው። ስለ መከስከሻው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ለልጃቸው በዚያ በኩል እንደሚያስረዷት ነገሩኝ። ከዚያ የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። በመጪው የኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ስብሰባ ስለ ደላሎች ሊናገሩ አስበዋል። የሚሉትን ነገር ማታ ማታ በረት ሲገቡ ለበሬዎቻቸው ይሉታል።

«ይህስ የትኛው ነው?»

«ሪኸርስ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው።

«በሬዎቹ ሰሚ አይደሉም?»

እንደ ሰሚ እንደማይቆጠሩ ነገርኋቸው። እርሳቸው ግን አልተቀበሉኝም።